በሩ ላይ ያለው ውሻ ምን እየተማረ ነው?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር ያልፋሉ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ውሻ ኮቴ እንደሰማ ከተኛበት ተስፈንጥሮ ይነሳና የብረት በሩን በመዳፉ እየመታ ይጮኻል። ልጆቹ ይሮጣሉ። ኮቴው ሲርቅ ውሻው ዝም ብሎ ወደ ጥላው ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ቆራሌው እየተጣራ ይመጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ልዋጭ ባዩ፣ ከዚያ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው። ቀኑ እንዲሁ እንዳለ ይመሻል።

ባለቤቱን ብትጠይቁት «ኃይለኛ ነው፤ ተፈጥሮው ነው» ይላችኋል። ጎረቤቱ «ሥርዓት የሌለው ውሻ» ይለዋል። እኔ ግን ያንን ውሻ ሳይ የሚታየኝ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት የሚማር ተማሪ ነው። ጮኸ፤ ልጆቹ ሄዱ። ጮኸ፤ ቆራሌው ሄደ። ልጆቹ የሮጡት እንዳይረፍድባቸው፣ ቆራሌው ያለፈው ወደሚቀጥለው ቤት ለመሄድ እንደሆነ ውሻው በምን ያውቃል? በእሱ ዓይን መጮኹ ሠርቷል። ትናንት ሠርቷል፣ ዛሬ ሠርቷል፣ ነገም ይሠራል። ባለቤቱ ሳሎን ተቀምጦ «ዝም በል!» እያለ ቢጮኽ ውሻው የሚሰማው አብሮት የሚጮኽ ሰው ነው።

ስለ ውሻ ማሠልጠን ስናወራ አብዛኞቻችን የምናስበው «ቁጭ በል»፣ «እጅህን ስጠኝ» የሚባለውን ነው። ለዚያ ጊዜም ገንዘብም ስለሌለን «የእኛ ውሻ አልሠለጠነም» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን የግቢው ውሻ ማን መጥቶ እስኪያስተምረው አይጠብቅም፤ በየደቂቃው ከሚያጋጥመው ነገር የራሱን ትምህርት ይወስዳል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ነገሩን በሦስት ቃል ጨርሰውታል። ተረቱን የምንጠቅሰው ጥቅም ወዳለበት የሚያደላን ሰው ለመውቀስ ስለሆነ ስለ ውሻው ራሱ የሚነግረንን ልብ አንለውም። ውሻ የሚያደርገው ነገር የሚወጣው ከሚያገኘው ነገር ነው። ይህን እያወቅን፣ ማስተማር ስንፈልግ እጃችን ለምን ወደ ዱላው እንደሚቀድም ነው እኔን የሚከነክነኝ።

ምራቅ፣ ኮቴና ጎርፍ

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ የሳይኮሎጂ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ኢቫን ፓቭሎቭን ያስታውሰዋል። ውሻ፣ ደወል፣ ምራቅ። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ይረሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓቭሎቭ ግን የሥነ ልቦና ሰው አልነበረም። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የምግብ መፈጨትን የሚመረምር ፊዚዮሎጂስት ነበር፤ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። ምራቅን ከምግብ ጋር አያይዞ ሲለካ፣ ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ አንዳንዴም ምግብ አቅራቢው ገና በኮሪደሩ ሲመጣ ምራቃቸው እየፈሰሰ አስቸገሩት። ሌላ ሰው ቢሆን የልኬት ስህተት ነው ብሎ ይተወው ነበር። እሱ የቀረ ዕድሜውን ሰጠው። ከዚያ በኋላ በሜትሮኖም (እኩል ምት በሚመታ መሣሪያ)፣ በቡዘር፣ በመብራት ሳይቀር ሞከረ፤ ደወሉ በመማሪያ መጻሕፍት ከገነነው ያህል በላቦራቶሪው የገነነ አልነበረም።

ዋናው ቁም ነገር ምራቁ አይደለም። ውሻው ምራቁን «ላፍስስ» ብሎ አላፈሰሰውም። አንድ ነገር ሌላውን አስከትሎ ደጋግሞ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ነገር ብቻውን ሰውነትን ያዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ወይም በተቃራኒው ሰውነት ይፍታታል። ፍርሃት የሚማሩት እንዲህ ነው። ፍቅርም እንዲሁ። ውሻው ፈቅዶ የሚያደርገው ስላልሆነ በትእዛዝ አይቆምም፣ በቅጣትም አይጠፋም።

ለዚህ ከደወሉ ይልቅ በ1924 መስከረም ላይ የደረሰው ጎርፍ ይበልጥ ያሳምነኛል። ያኔ ከተማዋ ሌኒንግራድ ተብላለች። የኔቫ ወንዝ ሞልቶ የፓቭሎቭ ውሾች ያሉበትን ቤት አጥለቀለቀው። ውሃው በየጎጇቸው ውስጥ እየጨመረ ሄዶ ውሾቹ አፍንጫቸውን ወደ ጣሪያው አስጠግተው ሊሰምጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሠራተኞቹ ደረሱ። የጎጆዎቹ በር ከታች ስለነበር ውሾቹን ለማውጣት መጀመሪያ ወደ ውሃው ውስጥ ማስጠም አስፈለገ። በሕይወት ወጡ። ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ግን አንዳንዶቹ ለዓመታት የተማሩት ሁሉ ጠፍቶባቸው ተገኙ። አንዱ ውሻ በብዙ ትዕግሥት ከተመለሰለት በኋላ፣ ተመራማሪዎቹ በክፍሉ በር ሥር ትንሽ ውሃ እንዲገባ አደረጉ። ቀጭን ውሃ መሬቱ ላይ ስትንሸራተት ውሻው ተንቀጠቀጠ፤ የተመለሰለትም ተመልሶ ጠፋ።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። የግቢ ውሻ ከሰው እጅ ምን ያገኛል? በሃይማኖታችንም በባህላችንም ውሻ ቤት አይገባም፤ ይህን የምለው ልወቅስ አይደለም፣ ደጅ ያለ ውሻም ደህና ኑሮ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በብዙ ግቢ ውስጥ እጅ ወደ ውሻው የሚዘረጋው ሰንሰለት ሊያስር፣ ድንጋይ ሊወረውር ወይም ዱላ ሊያነሳ ነው። ትራፊው ከሩቅ ይደፋለታል፤ እጁ ግን አብሮ አይመጣም። እንግዲህ በዓመት አንዴ የእንስሳት ሐኪም መርፌ ይዞ ሲመጣ ያ ውሻ እንዴት ይያዝ? አራት ሰው ይሰበሰባል፣ አፉ በገመድ ይታሰራል፣ ጀርባው ይጨፈለቃል። ለዚያ ውሻ ይህች ቀን የራሱ ጎርፍ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ነጭ ጋዋን ከሩቅ ሲያይ አጥር ይዘላል፤ ክትባቱም ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞትበታል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ውሻን እጅ ማስለመድ የቅንጦት ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ አዝናለሁ። እጅ የለመደ ውሻ የሚከተብ ውሻ ነው።

አንዲት ሰከንድ

ሁለተኛው የመማሪያ መንገድ በሩ ላይ ያየነው ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ በ1898 ድመቶችንና ውሾችን በሳንቃ ሣጥን እየዘጋ እንዴት ከፍተው እንደሚወጡ አጠና። መጀመሪያ ይቧጥጣሉ፣ ይነክሳሉ፣ ይገፋሉ፤ በአጋጣሚ ገመዱን ወይም መወርወሪያውን ሲነኩ ሣጥኑ ይከፈታል። ደጋግሞ ሲያስገባቸው የማይጠቅመው መቧጠጥ እየቀነሰ፣ በሩን የከፈተው እንቅስቃሴ እየፈጠነ መጣ። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያመጣ ድርጊት ሥር ይሰድዳል፣ ያላመጣ ይደርቃል አለ። ከእሱ በኋላ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህንን አስፍቶ ትልቅ የምርምር ዘርፍ አደረገው። ውጤቱ ምግብ ማግኘት ሊሆን ይችላል፤ ከሚያስፈራ ነገር መገላገልም ሊሆን ይችላል። የበሩ ውሻ የሚያገኘው ሁለተኛውን ነው፣ እፎይታን። ከሥጋ ይልቅ የሚጥም እፎይታ አለ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰዎች አቅልለው የሚያዩት ነገር ጊዜው ነው። ውሻ ውጤቱን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ሲያደርግ ከነበረው ነገር ጋር ነው። አንድ ሁለት ሰከንድ ካለፈ ሌላ ነገር እያደረገ ነው፤ ሽልማቱም ቅጣቱም የሚያርፈው በዚያ በሌላው ላይ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ውሻው በሩ ተከፍቶ አገኘና ወጣ። ባለቤቱ ይጠራዋል፤ አይመጣም። እንደገና ይጠራዋል፤ ቆሻሻ ገንዳው ጋ ያሸታል። ሩብ ሰዓት ሰፈር ለሰፈር ከተሯሯጡ በኋላ ውሻው በስተመጨረሻ ስሙን ሰምቶ ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ባለቤቱ ያዝ አድርጎት «ሁለተኛ ትወጣና!» እያለ ይመታዋል። በባለቤቱ ሐሳብ የተቀጣው መውጣቱ ነው። ውሻው የተመታው ግን ስሙን ሰምቶ በመጣበት ሰዓት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ አንገቱን ደፍቶ፣ ጭራውን በእግሮቹ መሐል ከቶ፣ በሩቁ ይቆማል። «ጥፋቱን አውቆ ነው» ይባላል። ጥፋቱን ሳይሆን ድምፁን ነው ያወቀው፤ ያ ድምፅ ከዱላ በፊት ይመጣል።

አሠልጣኞች በእጃቸው የምትጮኽ ትንሽ ነገር፣ ክሊከር የሚሏትን፣ የሚይዙት ለዚህ ነው። ድምጿ «አሁን ያደረግኸው ነው፣ ምግቡ እየመጣ ነው» ትላለች፤ ድርጊቱንና ምግቡን የምታገናኝ ድልድይ ናት። እቃው ግን ግድ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚነገር አጭር «ጎበዝ»፣ ወይም በምላስ የሚመታ ድምፅ፣ ከኋላው ምግብ እስካስከተለ ድረስ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ደግሞ «አንድ ቀን ብቻ» የምንለው ነገር አለ። ውሻው ቤተሰቡ ሲበላ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያለቃቅሳል። በአዘቦት ቀን ማንም አይሰጠውም። ፋሲካ ሲሆን ግን ልብ ይራራል፤ ከዶሮው አጥንት ይወረወርለታል (የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ በበዓልም ቢሆን አይሰጥ)። በስኪነር ቤተ ሙከራ እርግቦችም አይጦችም ያሳዩት ነገር፣ ሁልጊዜ የሚገኝ ሽልማት ሲቋረጥ ልማዱ ቶሎ እንደሚጠፋ፣ አልፎ አልፎ የሚገኝ ሽልማት ያጸናው ልማድ ግን አልጠፋ እንደሚል ነው። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው በየሳምንቱ ስለማይደርሰው አይተወውም። ማልቀሱን ለማስቆም የወሰነ ቤተሰብ ደግሞ ሌላም ነገር ማወቅ አለበት፤ መስጠት ባቆማችሁ የመጀመሪያ ቀናት ልቅሶው ይብሳል። የለመደው መንገድ ሲዘጋበት ጠንክሮ ይገፋል። በአራተኛው ቀን «ኧረ በቃ፣ ስጡት» ካላችሁ፣ ያስተማራችሁት ጠንክሮ ማልቀስ እንደሚያዋጣ ነው።

ሁሉም ነገር በሽልማት ይሠራል የሚል ካለ ደግሞ ያጋንናል። የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ሜሪያን ብሬላንድ ከ1940ዎቹ ጀምሮ እንስሳትን ለማስታወቂያና ለትርኢት የሚያሠለጥን ድርጅት ነበራቸው። በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ ያልሆነላቸውን በግልጽ ተናገሩ። ሳንቲም ወደ ሣጥን እንዲከት ያስተማሩት ራኩን የተባለ ትንሽ የአሜሪካ አውሬ፣ ሳንቲሙን በእጆቹ መሐል እያሸ እምቢ አለ፤ ራኩን በተፈጥሮው ምግቡን እንደሚያሸው። ምግቡ እየዘገየበትም ቢሆን አልተወም። ውሻም እንዲሁ ከዘሩ የመጣ ነገር አለው። ከብት ለመንዳት የተመረጠ ዝርያ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ይከተላል፤ ያንን በቁራሽ ዳቦ መተካት ከባድ ነው። ልምምዱ ከተፈጥሮው ጋር ሲሄድ ይቀልላል፣ ሲጋጭ ይጎተታል።

ዱላው ምን ያስተምራል

ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ ቦቢ የሚባል ቀይ ውሻ ነበረን። ሲበላ ሰው ከተጠጋው ያጉረመርማል። ትንሹ ወንድሜ ገና መራመድ መጀመሩ ስለነበር ቤተሰቡ ፈራ፤ መፍራታቸውም ልክ ነበር። መፍትሔው ግን ዱላ ሆነ። ቦቢ ባጉረመረመ ቁጥር ይመታል። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ማጉረምረሙን ተወ። «ተገራ» ተባለ፤ እኔም አምኜ ነበር። ገና በዓል ላይ አጥንት ይዞ ከጉድጓዱ ዳር እንደተኛ ወንድሜ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። ምንም ድምፅ አልተሰማም። የሰማነው የወንድሜን ጩኸት ነው፤ እጁ ተነክሶ ነበር። በማግስቱ ቦቢ ከግቢው ጠፋ። የት እንደሄደ አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬ ሳስበው ቦቢ ዕድሉን ሙሉ ሰጥቶን ነበር። ማጉረምረም የውሻ ቃል ነው፤ «ፈርቻለሁ፣ እባክህ ራቅ» ማለት። እኛ የቀጣነው ፍርሃቱን አልነበረም፣ ቃሉን ነበር። ቃሉ ሄደ፣ ፍርሃቱ ቀረ። እንዲያውም ባሰ። ሕፃን ሲጠጋው ዱላ ስለሚከተል፣ በፓቭሎቭ መንገድ ሕፃኑ ራሱ የዱላ ምልክት ሆነ። የሚያጉረመርም ውሻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህን ነው፤ አትምታው፣ ልጁን አርቅ፣ ውሻው ማንም በማይደርስበት ቦታ ይብላ። ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ፣ ሰው ከሩቅ እያለፈ የተሻለ ቁራሽ እየጣለለት፣ የሰው መምጣት የሚነጥቅ ሳይሆን የሚጨምር መሆኑን ይማራል። ያንን የሚሠራውም አዋቂ ሰው ነው፤ ሕፃን በዚህ ልምምድ ውስጥ አይገባም።

ዱላውን የሚደግፍ ሐሳብ ከየት መጣ? በእኛ ዘንድ ከልማድ ነው። በምዕራቡ ዓለም ግን ሳይንስ መስሎ ነው የገባው። ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል የእንስሳት ማቆያ ያሉ ተኩላዎችን አጥንቶ፣ ለበላይነት ሲጣሉ እንደሚኖሩ ጻፈ። ከዚያ «ውሻም ተኩላ ነው፤ አለቃው አንተ መሆንህን አሳየው፣ ገልብጠህ ጀርባው ላይ አስተኛው» የሚል ትምህርት ተስፋፋ። ዛሬም በዩቲዩብ ይሰበካል። ዴቪድ ሜክ የተባለው የተኩላ ተመራማሪ እሱም በ1970 ይህንኑ ጽፎ ነበር፤ በኋላ ግን በሰሜን ካናዳ ኤልስሚር ደሴት ላይ ነፃ ተኩላዎችን ለብዙ በጋዎች ሲከታተል የተለየ ነገር አየ። በ1999 እንዳሳተመው፣ መንጋ የተባለው በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው። መሪ የተባሉት ወላጆች ናቸው። የባዝሎቹ ደግሞ ዝምድና የሌላቸው፣ በአንድ አጥር የታጎሩ እንስሳት ነበሩ። እስር ቤት ገብቶ ስለ ቤተሰብ ኑሮ እንደ መጻፍ ነው። ሜክ የራሱን የቀድሞ መጽሐፍ ኅትመት እንዲቆም መጠየቁን ሳነብ ሰውየውን አከበርኩት።

መምታት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ተለክቷል። በ2009 የወጣ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ጥናት፣ ለባሕርይ ችግር እርዳታ ፈልገው የመጡ 140 የውሻ ባለቤቶችን ጠየቀ። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሚያውቁት መካከል 43 በመቶው ውሻው በምላሹ ጥቃት እንዳሳየ ተናገሩ፤ ገልብጠው ካስተኙት 31 በመቶው። በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ በሰባት ማሠልጠኛዎች 92 ውሾች ተጠኑ። በሚያስፈራሩና በሚያሳምሙ ዘዴዎች የሚሠለጥኑት በምራቃቸው የሚለካው የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ከሥልጠናው በኋላ ከፍ ብሎ ተገኘ። የሚገርመው ሌላው ሙከራ ነው። ውሾቹ በአንድ በኩል ያለ ሳህን ምግብ እንዳለው፣ በሌላ በኩል ያለው ባዶ እንደሆነ ከለመዱ በኋላ፣ ሳህኑ መሐል ላይ ተቀመጠ። አብዝተው የሚቀጡት ወደዚያ አጠራጣሪ ሳህን የሄዱት ቀስ እያሉ ነው፤ መልካም ነገር አይጠብቁም። ከሥልጠና ሜዳው ውጭም ቅጣቱ አብሯቸው ይኖራል ማለት ነው።

«ግን ይሠራል እኮ» የሚል መልስ ሁልጊዜ አለ። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲጠሩ የማይመጡ 63 ውሾችን አነጻጸሩ። የኤሌክትሪክ የአንገት ማሰሪያ በሽልማት ከማሠልጠን የተሻለ ውጤት አላመጣም፤ በሽልማት የሠለጠኑት ትእዛዝ ቶሎ ይሰሙ ነበር። ዌልስ ያንን ማሰሪያ በ2010 ከልክላለች። ቅጣት አይሠራም ማለቴ አይደለም። ልክ በቅጽበቱ፣ ሁልጊዜ፣ በሚገባ መጠን ከመጣ አንድን ድርጊት ያስቆማል። ተናድዶ የተነሳ ሰው ግን ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። ቢያሟላም ቅጣት «ይህን አታድርግ» ብቻ ነው የሚለው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ለውሻው አይነግረውም።

አሁን ስለ ሰንሰለቱ። በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር ውሾችን በመታጠቂያ አስረው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጧቸው። የአንዱ ቡድን ውሾች በጭንቅላታቸው ጎን ያለውን ሰሌዳ በመግፋት ንዝረቱን ማቆም ይችሉ ነበር፤ ሌላው ቡድን ያንኑ ያህል ንዝረት ይደርሰዋል፣ ምንም ቢያደርግ ግን አይቆምም። በኋላ ሁሉንም በትንሽ ግርግዳ ወደተከፈለ ሣጥን አስገቧቸው፤ ዘለው ቢሻገሩ ያመልጣሉ። ማቆም የለመዱት ዘለሉ። ከማይችሉት አብዛኞቹ ተኝተው እያለቃቀሱ ንዝረቱን ተቀበሉት። ሙከራው ራሱ ልብ ይሰብራል፤ ዛሬ ማንም አይፈቅደውም። ነገር ግን እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ2016 የሃምሳ ዓመት ምርምር ተመልክተው ጉዳዩን ገልብጠው አነበቡት። በረጅም መከራ ውስጥ ዝም ብሎ መቀበል አንጎል በራሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ትምህርት የሚያስፈልገው «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው ነው አሉ።

ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት የሚታሰር ውሻ ይህን የሚማርበት ዕድል የለውም። ቢጠማው ጎድጓዳ ሳህኑ በተገለበጠበት ይቆያል። ቢፈራ መሸሽ አይችልም፤ ያለው አንድ አማራጭ ወደፊት መወርወር ነው። ስለዚህ የታሰረ ውሻ ወይ በሚያልፍ ሁሉ ላይ ይወረወራል ወይ አይኑን ከድኖ ይተኛል። የመጀመሪያውን «ጀግና» እንለዋለን፤ ሁለተኛውን «ጨዋ»። ሁለቱም ያልተማሩት ያንኑ ነው፤ የሚያደርጉት ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ።

በሩ ላይ ምን ይደረግ

ሁሉም ሰው ግቢውን ቀይሮ፣ አሠልጣኝ ቀጥሮ ይሥራ አልልም። ባለው ነገር ብዙ ይቻላል። መጀመሪያ ምግቡ። ሥጋ ቤት የሚሸጠው ሳንባ ተቀቅሎ በጥፍር ልክ ሲቆራረጥ ውሻ ከምንም አያስበልጠውም። መቀቀሉ ግድ ነው፤ ጥሬ የውስጥ ዕቃ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ አደገኛ የትል በሽታ ያስከትላል። በጾም ወቅት በርበሬ የሌለበት ዳቦ ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም።

ከዚያ ርቀቱ። ውሻው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽ የሚማረው ነገር የለም፤ ሰውነቱ ሞልቷል። ኮቴ እየሰማ ገና ጆሮውን ብቻ የሚያቆምበትን ቦታ ፈልጉ፤ ጓሮው ሊሆን ይችላል። እዚያ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቁራሽ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ኮቴው ይቅደም፣ ሥጋው ይከተል። ቢጮኽም ባይጮኽም ይሰጠው፤ በዚህ ደረጃ እየተለወጠ ያለው ስሜቱ ነው፣ ስሜት ደግሞ በሥጋ አይባልግም። ኮቴ ሲሰማ ዞር ብሎ ሰጪውን ማየት ሲጀምር ሁለተኛው ትምህርት ይጀምራል፤ ያንን መዞር ነው እንግዲህ «ጎበዝ» የሚባለው። ከዚያ በጥቂት እርምጃ ወደ በሩ መጠጋት። ከተበላሸ ወደ ኋላ መመለስ። በሩ በቆርቆሮ ከተሸፈነ፣ ውሻው ሰው የሚያልፍበትን ቦታ እንዳያይ የሚጋርደው ነገር ካለ፣ ሥራው ግማሽ ይቀልላል። ሰንሰለቱን ከማስረዘም ደግሞ በግቢው ጥግ ትንሽ አጥር ቢሠራለት የተሻለ ነው።

ቡችላ ላለው ሰው ጊዜው አጭር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ላይ ለዓመታት ሠርተው በ1965 እንዳሳተሙት፣ ቡችላ ዓለምን የሚላመድበት መስኮት ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ገደማ ክፍት ነው። በዚያው ጣቢያ እስከ አሥራ አራት ሳምንት ሰው ሳይነካቸው ያደጉ ቡችሎች እንደ ዱር አውሬ ሰው የሚሸሹ ሆነው ነበር። እኛ ጋ ቡችላ ገና አንድ ወር ተኩል ሳይሞላው ከእናቱ ይወሰድና «ሰው ከለመደ ቤት አይጠብቅም» ተብሎ ይዘጋበታል። ይህ ትልቁ ስህተታችን ይመስለኛል። ሰው ሁሉ የሚያስፈራው ውሻ የሚጠብቀው ራሱን ነው፤ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ መለየት አልተማረም። በነዚያ ሳምንታት ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ዣንጥላ የያዘ፣ ነጠላ የለበሰች፣ ጋቢ የደረበ፣ ሞተር ሳይክል ያይ፤ እያየም ይብላ። እጅም ይልመድ፤ ጆሮው ይነካ፣ እግሩ ይነሳ፣ አፉ ይከፈት፣ እያንዳንዱ ንክኪ ቁራሽ ያስከትል። የመጀመሪያው መርፌ ያኔ የሚያልፈው ሥጋ እየበላ ነው። (ውሻ የነከሰው ሰው ግን ስለ ባሕርይ የሚያስብበት ሰዓት አይደለም፤ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ።)

በቅርቡ አንድ የምጠይቃቸው ቤተሰብ ጋ የግቢው ጥበቃ ይህንን ሥራ ሲሠሩ አየሁ። በስድሳዎቹ ያሉ አባት ናቸው፤ ስለ ፓቭሎቭ ያወራኋቸው እኔ ነኝ፣ የቀረውን ራሳቸው ሠሩት። የተቆራረጠ ሳንባ በፌስታል አድርገው ካፖርታቸው ኪስ ይዘዋል። ጠዋት ተማሪዎች ሲያልፉ ከውሻው ጋር ጓሮ ይቀመጣሉ፤ በሳምንታት ውስጥ ወንበራቸውን ወደ በሩ እያስጠጉ መጡ። የሄድኩ ዕለት ከበሩ አምስት እርምጃ ላይ ደርሰው ነበር። ኮቴ ተሰማ። ውሻው ብድግ አለ፣ ጆሮውን አቆመ፣ ከዚያ አንገቱን አዙሮ ኪሳቸውን አየ። «ጎበዝ» አሉት ዝግ ብለው። ልጆቹ እያወሩ አለፉ።

«ማታስ እንዴት ነው?» አልኳቸው፤ የቤቱ ባለቤት የፈሩት እሱን ነበርና። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አጥሩን የነካ ሰው ነበር አሉኝ። ውሻው ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሷል።